ልጃችን ተፈወሰ ያልኩ ዕለት

ጅማ፣ ሰቶ ሰመሮ
ማክሰኞ፣ ነሐሴ 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድህ ባለቤቴ፣ ለኦሊያድ አባት፣ ለሲሞን፤

የጌታ ሰላም ካለህበት ድረስ ይድረስህ። ጉንፋኑ ለቀቀህ ወይ? ሳውዝ አፍሪካ አሁን ብርድ ነው ብለኸኝ ነበር። እዚህ ደግሞ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ነው የሚውለው። ልብስ ካጠብኩ ሦስተኛ ቀኔ ነው፣ እስካሁን አልደረቀም፤ ቤቱ ሁሉ እርጥብ እርጥብ ይሸታል። እናትህ ትናንት ከሆሳዕና ደውለው ነበር፣ ደህና ናቸው፣ ጉልበታቸውን ብቻ ነው የሚያማቸው። ኦሊያድም ይበላል፣ ይተኛል። ቁመቱ ጨምሯል፤ ባለፈው የላክለት ሱሪ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ቀርቷል።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን ይሉታል እንዳትለኝ። ስንት ጊዜ ነግሬሃለሁ፣ እኔ ድምፅ ስልክልህ አንተ ሱቅ ውስጥ ከፍተህ ለወንድሞች ሁሉ ታሰማለህ። ከአከራያችን ጋር የተጣላሁትን እንኳ ሎኬሽን የምትሉት ሰፈር ሙሉ ሰው ሰምቶ ሲስቅብኝ ከርሟል። ይሄን ግን ብቻህን ሆነህ እንድትሰማው ነው የምፈልገው። ጓደኛህ አብሳሎም ሐሙስ ወደ አዲስ አበባ ይወጣል፣ ከዚያ ወደ አንተ ይበራል፤ በእጁ ነው የምሰጠው። ሱቁን ዘግተህ ተቀመጥና አንብበው። ግማሽ ላይ ተናድደህ እንዳትጥለው ደግሞ። ጨርሰው፣ ከዚያ ትናደዳለህ።

ሲሞን፣ ልጃችን አልተፈወሰም።

ይቺን አንድ መስመር ለመጻፍ ከጠዋት ጀምሮ ሁለት ጊዜ ዕቃ አጥቤያለሁ፣ የታጠበውን ዕቃ። አሁን ከወጣልኝ ከመጀመሪያው ልንገርህ። የማታውቀው ብዙ ነገር አለ፣ ያላሳወቅኩህም እኔ ነኝ።

አንተ ስትሄድ አንድ ዓመት ከመንፈቁ ነበር፣ ያኔ ልጅ ሁሉ አንድ ነው። ሁለት ዓመት ተኩል ሲሆነው ግን ስሙን ብጠራው አይዞርም። የፔርሙዝ ክዳን ወለሉ ላይ እያሽከረከረ ይውላል፣ ክዳኑን ከወሰድክበት ጎረቤት እስኪወጣ ይጮኻል። በር ክፍት ካገኘ መንገድ ላይ ነው፤ ባጃጅ ስንት ጊዜ ከእግሩ ስር እንደቆመች እኔና ጌታ ነን የምናውቀው። የሚይዝልኝ ሰው ስላጣሁ መጋዘን ቡና መልቀሙን የተውኩት ያኔ ነው። ሐኪሙ ኦቲዝም ነው ሲለኝ ዕለቱን ደወልኩልህ። ምን እንዳልከኝ ታስታውሳለህ? ‹‹ያንን ስም በልጄ ላይ አትጥሪ። በአፍሽ አትፍረጅበት። አባቴም እስከ አምስት ዓመቱ ድረስ አልተናገረም›› አልክ። ስልኩንም ዘጋህብኝ፤ ኔትወርክ ነው ብለሃል በኋላ፣ ኔትወርክ አልነበረም። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለሚበላውና ስለሚለብሰው ብቻ ነው የምነግርህ።

ጥር ላይ ኮሌጅ ውስጥ ስልጠና አለ ተብሎ ሰማሁ፤ የእሱ ዓይነት ልጅ ላላቸው፣ በየረቡዑ። ልጁን የሚያክሙት መስሎኝ አጥቤው፣ የበዓል ልብሱን አልብሼው ሄድኩ። የምታሰለጥነው ኢፍቱ የምትባል ልጅ ናት፣ በዕድሜ እኔ እበልጣታለሁ፣ ድምፅዋም የማይሰማ። ‹‹እኛ ልጁን አናክመውም፣ የምናሰለጥነው እናንተን ነው›› አለች። ደሜ ፈላ። እኔ ምን ሆንኩ፣ የማይናገረው እሱ፣ አልኳት። ‹‹የኦሊያድ እናት፣ ከጠዋት እስከ ማታ አብሮት ያለው ማነው?›› አለችኝ። እኔ፣ አልኳት። ‹‹እንግዲህ አንቺ ነሻ›› አለች።

በባጃጅ ስመለስ መንገዱን ሙሉ አለቀስኩ። ምን ያስለቅሳታል እንዳትል። አንድ ሰዓት፣ አንድ ሰዓት ብቻ፣ ከእጄ የሚቀበለኝ ሰው ያገኘሁ መስሎኝ ነበር። መልሰው ለኔው ሰጡኝ። ሐኪሙም እኔ፣ መድኃኒቱም እኔ፣ ነርሷም እኔ፣ በሩን የምጠብቀውም እኔ። እንዲህ ከሆነ መቼ ነው የምተነፍሰው ብዬ ባለ ባጃጁ ሳይቀር ዞሮ እስኪያየኝ ድረስ ጮክ ብዬ አወራሁ።

ግን የት እሄዳለሁ? በሚቀጥለው ረቡዕ ተመለስኩ።

የሚያስተምሩት ነገር ለሰው ቢነገር ያስቃል። ወለል ላይ ፊት ለፊቱ ተቀመጪ። ጥያቄ አትጠይቂው፤ ይሄ ምንድነው፣ ስምህ ማነው፣ እሱን ተዪ። የሚያደርገውን አድርጊ። ክዳን ካሽከረከረ ሌላ ክዳን ይዘሽ አሽከርክሪ። አንድ ቃል ብቻ በይና ጠብቂ፤ እጅሽን ከመዘርጋትሽ በፊት በልብሽ እስከ አምስት ቁጠሪ። እኔ በፈጠንኩ ቁጥር ኢፍቱ ‹‹ሱታ፣ ሱታ›› ትለኛለች፣ ቀስ በይ ማለቷ ነው። እኔን ደግሞ ታውቀኛለህ፣ ዝም በይ ከምባል ቀኑን ሙሉ እንጨት ብፈልጥ ይሻለኛል። ሳምንት ሙሉ ወለሉ ላይ ተዘርፍጬ ክዳን ሳሽከረክር ከረምኩ፣ ጎረቤት ሲያልፍ በሩን እየገፋሁ እዘጋለሁ። በዘጠነኛው ቀን የራሱን ክዳን አቁሞ የኔን አየ። ቀጥሎ እኔን አየኝ። ሲሞን፣ አራት ዓመት ሊሞላው ነው፤ ፈልጎ ሲያየኝ የመጀመሪያዬ ነበር። እስከ አምስት መቁጠሩ ጠፍቶብኝ ዝም ብዬ አየሁት።

እዚያ ከምንሄደው አባባ ጅብሪል ብቻ ናቸው ወንድ። ከሸቤ በሚኒባስ የልጅ ልጃቸውን ይዘው ይመጣሉ፣ ቡና ገበሬ ናቸው። እሳቸው ስልጠናውን ማሳው ላይ ወሰዱት፤ ቀይ ፍሬ አንድ እሳቸው ቅርጫት ውስጥ ይጥላሉ፣ ይጠብቃሉ፣ አንድ እሷ ትጥላለች። ‹‹አልሃምዱሊላህ፣ ትናንት ሦስት ጣለች፣ አራተኛውን በላችው›› ብለው ሁላችንንም አሳቁን። ለቡና የሚለፉት ልፋት ለልጅ እንደሚሆን ማን ያውቅ ነበር፣ ይላሉ።

እኔ የያዝኩት ጫማ ነው። ኦሊያድ የሚወደው ነገር ቢኖር ከቤታችን ወረድ ብሎ ባለው ድልድይ ስር ውኃው ሲሄድ ማየት ነው። ስለዚህ ዝናቡ ሲያባራ በየቀኑ በር ላይ ጫማውን ይዤ እንበረከካለሁ፣ ‹‹እንሂድ›› እላለሁ፣ እጠብቃለሁ። ዝም። ጫማውን አደርግለታለሁ፣ እንሄዳለን። በማግስቱ እንደገና። አሥራ አንድ ሳምንት። ሚያዝያ ላይ፣ ዓርብ ቀን ነበር፣ እኔ አፌን ሳልከፍት እሱ ጫማውን አየና ‹‹እንሂድ›› አለ። ጥርት አድርጎ። የበሩ ደፍ ላይ ቁጭ አልኩ። ስልኬን አንስቼ ስምህ ላይ ደረስኩና ተውኩት፤ እንዴት ተናገረ ብትለኝ ስልጠናውን ልነግርህ ነው፣ ስልጠናውን ስነግርህ ያንን ስም ልጠራብህ ነው። ያንን ቀን ከኢፍቱ በቀር ለማንም ሳልነግር አለፍኩት። ይሄ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

እንግዲህ ሰኔ ላይ የሆነውን በቪዲዮ አይተኸዋል። ያላየኸውን ልንገርህ።

ያን እሁድ ቤተ ክርስቲያናችን አዲስ ስፒከር ገብቶ ነበር። እኔ ሁልጊዜ በሩ አጠገብ ነው የምቀመጠው፣ ለመውጣት እንዲመቸኝ። ፓስተር ገላና ትምህርት ቤት ሊዘጋ ነው፣ ልጆች ወደ ፊት ይምጡ፣ እንባርካቸው አለ። አንዷ እህት ኦሊያድን ከእጄ ወስዳ አቀበለችው። በአንድ እጁ ልጁን፣ በሌላው ማይክ ይዟል፣ ኪቦርዱ ይጮኻል፣ ሰው በልሳን ይጸልያል። ኦሊያድ ጀርባውን ገትሮ በዓይኑ ሲፈልገኝ አየሁት። አገኘኝና ‹‹እንሂድ›› አለኝ። ማይኩ አፉ ስር ነበር፤ ቤቱን ሞላው።

ሰው ምን እንደሆነ አይተሃል። እልልታው፣ የወደቀው፣ የተንበረከከው። ጸጋ፣ ያቺ የመዘምራኗ ጓደኛዬ፣ አንጠልጥላ ወደ ፊት አወጣችኝ። ፓስተር እንባው በአገጩ እየወረደ ‹‹እህቴ፣ ይሄ ልጅ ከዚህ በፊት ተናግሮ ያውቃል?›› ብሎ ማይኩን ሰጠኝ።

‹‹አያውቅም›› አልኩ።

በቪዲዮው ላይ ከዚያ በኋላ ያወራሁትን ሁሉ እርሳው፣ ውሸቱ ያቺ አንዷ ቃል ናት። ለምን አልኩ? እዚያው ቤት ውስጥ እኮ ስንቀመጥ ልጆቻቸውን ወደዚያኛው አግዳሚ የሚያሻግሩ ሰዎች ናቸው። ምን ኃጢአት ሠርተሽ ይሆን፣ መርምሪ ብላ እቤቴ ድረስ የመጣች አለች። እነሱ ናቸው አሁን ልጄን ከእጅ እጅ እየተቀባበሉ የሚስሙት። እዚያ ላይ ቆሞ አይ፣ ተአምር አይደለም፣ ጫማ ነው፣ አሥራ አንድ ሳምንት ነው የሚል ማነው? እኔ አልሆንኩም። ደስ አለኝ፣ እውነቱን ልንገርህ። ልጁ ግን ከዚህ ጩኸት አውጪኝ ነበር ያለኝ። ጫማው ሳይያዝለት ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያስፈልገውን በአፉ ጠየቀኝ፣ እኔ አልወጣሁለትም። አንድ ሰዓት ያህል እያቀፉ አዞሩት።

ማታውን ደወልክ። ስታለቅስ ሰምቼህ አላውቅም ነበር። ወንድሞች ሱቅ ዘግተው የምስጋና ጾም እንደያዙ ነገርከኝ። ወዲያው ደግሞ ሁሉን አቀድከው፤ ልጁ መስከረም እናቴ ዘንድ ሆሳዕና ይገባል፣ እዚያው ትምህርት ይጀምራል፣ አንቺ ፓስፖርትሽን ለአብሳሎም ትሰጪዋለሽ፣ አዲስ አበባ ጉዳዩን ለሚጨርሰው ሰው ያደርስልናል፣ እስከ ገና እኔ ጋ ትሆኛለሽ አልክ። ሦስት ዓመት የጠበቅኩት ነገር ነው። እሺ አልኩህ።

ከዚያ በኋላ ቤቱ ታጨቀ። ሰው ሙዝ ይዞ ይመጣና ‹‹ስምህ ማነው? አንድ በል እስቲ፣ ጌታ ይባረክ በል እስቲ›› ይለዋል። እሱ አልጋ ስር ይገባል። እኔ ደክሞት ነው፣ ማታ አልተኛም ነበር፣ እላለሁ። በኋላማ መጋረጃውን ጋርጄ፣ በሩን ከውስጥ ቆልፌ፣ የሉም እስኪሉ ትንፋሼን ይዤ መቀመጥ ጀመርኩ። ወለል ላይ ተቀምጬ ከሱ ጋር መጫወቱንም ተውኩ፤ ሰው ድንገት ቢገባ ለተፈወሰ ልጅ ይሄ ምን ያደርግለታል ይለኛል። ወደ ስልጠናው ልሂድ ስል ጸጋ ‹‹ጌታ የጨረሰውን ሰው ሊቀጥልልሽ ነው?›› አለችኝ፣ በክፋት አይደለም፣ ከልቧ ነው። ኢፍቱ ከስልጠናው ብቀርባት ቤቴ ድረስ መጣች። የጸሎት እህቶች እቤት ውስጥ ነበሩ። በር ላይ አስቁሜያት ‹‹ተሽሎታል፣ በቃን›› አልኳት። አየችኝ፣ እሺ ብላ በዚያ ዝናብ ተመለሰች። ጃንጥላ እንኳ አልሰጠኋትም።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ አሰንዳቦ ትልቅ ጉባኤ ነበር። ፓስተር ገላና ምስክርነቱን እዚያም ስጪ አለኝ። እምቢ ማለት እችላለሁ? ለምን እምቢ አልሽ ቢሉኝ ምን እላለሁ? ማለዳ በሚኒባስ ወሰዱን። ድንኳኑ ውስጥ ሰው ከሰው በላይ ነው፣ ጭቃው፣ ሙቀቱ። መድረክ ላይ አወጡን። ፓስተር ጎንበስ ብሎ ማይኩን አስጠጋለትና ‹‹በል ኦሊያድ፣ ያንን ቃል ንገራቸው›› አለው። ኦሊያድ የእጁን ጀርባ ነክሶ ያዘ። ሲጨንቀው እንደዚያ ነው፣ ካልያዝከው ይደማል።

አሁን የምጽፈውን ለማንም አልተናገርኩም። እጁን ከአፉ ላወጣለት ሲገባኝ ጆሮው ስር ገብቼ ‹‹እንሂድ በል፣ እንሂድ በል›› አልኩት። ዝም ሲለኝ በልብሱ ስር ቆነጠጥኩት። በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት እንዳላፍር ብዬ ልጄን ቆነጠጥኩት። ፓስተር ‹‹ሕዝብ ሲያይ አፍሮ ነው›› አለና ሰው ሳቀ፣ አጨበጨበ፣ መዝሙር ቀጠለ። በመልስ መንገድ አንድ ጊዜ ዞሮ አላየኝም።

በማግስቱ ዝናቡ ሲያባራ ጫማውን ይዤ በር ላይ ተንበረከክኩ። ቃሉን አልኩ፣ ጠበቅኩ። እስከ አምስት ቆጠርኩ፣ እስከ ሃያ ቆጠርኩ። ጫማውን ከእጄ ወስዶ ወለሉ ላይ አስቀመጠና አልጋ ስር ገባ። ከዚያ ቀን እስከ ዛሬ አላለውም። አሥራ አንድ ሳምንት የፈጀውን ቃል አጠፋሁት፤ እሱ አይደለም ያጠፋው፣ እኔ ነኝ።

ባለፈው ረቡዕ ተመልሼ ሄድኩ። ኢፍቱ ትጮህብኛለች ብዬ ነበር፣ ወንበር ሳበችልኝ። ሁሉን ነገርኳት። ይመለሳል ወይ አልኳት። ‹‹አላውቅም፣ እንደገና እንጀምራለን›› አለች። አላውቅም ስትለኝ ደስ አለኝ ብልህ ታምነኛለህ? ሰው ሁሉ ስለ ልጄ እርግጠኛ በሆነበት ሰሞን እሷ ብቻ አላውቅም አለች። አባባ ጅብሪል የት ጠፋሽ ልጄ አሉኝና መልስ ሳይጠብቁ ከሸቤ ያመጡትን በቆሎ ለሁለት ሰብረው ግማሹን ሰጡኝ።

ቅዳሜ ፓስተር ገላና ቤት ሄጄ እውነቱን ነገርኩት። ክፉ ሰው አይደለም፣ ታውቀዋለህ፤ ኦሊያድ ሳንባ ምች ሲይዘው በጀርባው ተሸክሞት የሮጠው እሱ ነው። ‹‹እህቴ፣ በዚያ ምስክርነት ስንት ሰው እንደተጽናና ታውቂያለሽ? አሁን ይህን ብናወራ ደካሞቹ ምን ይሆናሉ? ለጊዜው አትናገሪ፣ እንጸልይበት›› አለኝ። እስከ መቼ አልኩት። ሚስቱ ሻይ ይዛ ገባች። እውነቱን ልናገር ሄጄ እውነቱን እንዳልናገር ታዝዤ ወጣሁ። በየት በኩል ልውጣ፣ ሲሞን? እሁድ እሁድ አሁንም ያቅፉታል፣ እኔም ቆሜ አሜን እላለሁ።

በየተራ ለሚመጣው ሰው ግን መንገር ጀምሬያለሁ። ትናንት ያቺ ሙዝ የምታመጣው ሴትዮ መጣች። ተቀመጪ አልኳትና ነገርኳት፤ አልተፈወሰም፣ ቃሉንም እኔ ነበርኩ ያስተማርኩት አልኳት። ሙዙን ይዛ ተመለሰች። ዛሬ ጠዋት ውኃ ስቀዳ ሁለት ሴቶች ሰላም አላሉኝም፤ ወሬው ከኔ ቀድሞ እንዳይደርስህ ብዬ ነው ደብዳቤውን ያፈጠንኩት።

እናትህ ጋ ልተወው አልችልም። ጥሩ ሴት ናቸው፣ ይወዱታል፣ ግን በሳቸው ጉልበት ማን ነው በር የከፈተውን ልጅ ሮጦ የሚይዘው? ሲያመው አመመኝ አይልም። እሳቸውም ልጄ ተፈውሷል ብለው ለአገሩ ሁሉ ነግረዋል፣ በል ተናገር እያሉ ሲያስጨንቁት ነው የሚውሉት። ስለዚህ አብሳሎም የሚያመጣልህ ይህችን ደብዳቤ ብቻ ነው፣ ፓስፖርቱን አልሰጠውም። ለእናትህ አንተ ንገርልኝ፣ እኔ ሁለት ጊዜ አልችልም። ወንድሞችም ሲጠይቁህ ሚስቴ ዋሸች በላቸው፤ ልጄ ምስኪን ነው ግን አትበላቸው፣ ምስኪን አይደለም። ስትደውልለት ደግሞ ምንም አትጠይቀው። ፊትህን አሳየውና ዝም በል። አይቶህ ሊሄድ ይችላል፣ ያኔም ዝም በል። በሚቀጥለው ቀን እንደገና ደውል።

ና አልልህም፤ ያለህበትን አውቃለሁ፣ ሱቁን ለማን ትተህ ነው የምትመጣው። አንተ ከዚያ አልወጣህ፣ እኔ ከዚህ አልወጣሁ። ጌታ ይጠብቅህ፤ ማታ ሱቅ ስትዘጋ ከክፉ ሰው ዓይን ይሰውርህ፣ ጤናህን ይስጥህ፣ የእጅህን ሥራ ይባርክልህ። ከተቆጣህ ተቆጣ፣ ዝም ብለህ ግን አትቅር።

አንድ የቀረችኝን ልበልና ላብቃ። ካልተናገርኳት ይሄ ሁሉ የጻፍኩት ሌላ ምስክርነት ይሆንብኛል። ያን ማታ ልጁ እናቴ ጋ ይቀራል ስትለኝ ያለቀስኩት ከልጄ ልለይ ነው ብዬ መስሎህ አባበልከኝ። እሱን አልነበረም። ደስ ብሎኝ ነበር ያለቀስኩት። እንዳልተፈወሰ ከማንም በላይ አውቅ ነበር፤ እያወቅኩ ልመጣ ነበር። ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ሙሉ ማታ ማታ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እዚያ ባንተ ከተማ በማላውቀው መንገድ ባዶ እጄን ስሄድ፣ ማንንም ሳልይዝ፣ ወደ ኋላ ሳልዞር። አሁን አልመጣም ስልህ ጎበዝ እናት ሆኜ እንዳይመስልህ። መምጣት እፈልጋለሁ፣ ሲሞን። ይሄን ስጽፍልህም እፈልጋለሁ።

ሚስትህ፣
ተስፋነሽ